ውሃው የቀጠነው ግፊት አንሶ ነው ወይስ መንገዱ ጠቦ?

ሻወር ስር ገብቶ ሳሙናውን የሚያስለቅቅለት ውሃ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ፓምፕ መግዛት ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ውሃውን የሚገፋው ኃይል በቦታው አለ፤ የተዘጋው የሚያልፍበት መንገድ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ፓምፕ ቢተከል ለጥቂት ጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ከዚያ ያረጀው መጋጠሚያ ማፍሰስ ይጀምራል፣ የተከማቸው ቆሻሻም ይበልጥ ይታመቃል፣ ገንዘቡም ይባክናል።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። የጎደለው ግፊት ነው ወይስ መንገድ? ይህን ለመለየት ባልዲ፣ ሰዓት፣ መፍቻና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን ሥራ ራሱ ሊጨርስ ይችላል።

ግፊት ሌላ፣ ፍሰት ሌላ

ቧንቧ ሲከፈት በዓይን የሚታየው ፍሰቱ ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር ውሃ ወጣ የሚለው። ግፊት ግን ቧንቧው ተዘግቶ፣ ውሃው ቆሞ እያለም በውስጡ ያለ ኃይል ነው። የሚለካው በባር ሲሆን፣ 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከግርጌው ላይ የሚያሳርፈው ጫና 1 ባር ገደማ ይሆናል። የቤት ቧንቧ ዕቃዎች በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ባር ባለው ግፊት ደህና አድርገው ይሠራሉ። ከ1 ባር በታች ሲወርድ ሻወሩ ይላላል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ውሃ እስኪሞላ ብዙ ይቆያል።

ሁለቱ የሚገናኙት በመንገድ ላይ በሚባክነው ኃይል ነው። ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲሮጥ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፣ በየመታጠፊያው ይላተማል፣ በየቫልቩ ይጨናነቃል፤ በዚህ ሁሉ ከግፊቱ ይቀነስበታል። የሚቀነሰው ደግሞ ፍሰቱ ከሚያድገው በላይ ያድጋል፤ ፍሰቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚባክነው ግፊት ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ውሃው ከቆመ ግን ምንም አይባክንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስት አራተኛው በዝገት የተዘጋ ቧንቧ እንኳ ሁሉም ነገር ተዘግቶ ሲለካ ሙሉ ግፊት ያሳያል። ችግሩ የሚገለጠው ውሃው መሮጥ ሲጀምር ነው። ቧንቧውን ሲከፍቱ መጀመሪያ በኃይል ፈንጥቆ ወዲያው የሚላላ ከሆነ፣ ከጀርባው ጥበት አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የአትክልት ማጠጫ ጎማን ጫፍ በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃው ርቆ ይወነጨፋል። ከዚህ ተነስቶ ቀጭን ቧንቧ ግፊት ይጨምራል የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በሙያው ካሉት መካከልም አይጠፋም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጣት ጫፉን ሲያጠበው በጎማው ውስጥ የሚሮጠው ውሃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በመንገድ የሚባክነው ያንሳል፣ የተረፈውም ግፊት ጫፉ ላይ ደርሶ ጥቂቱን ውሃ በፍጥነት ያስፈነጥረዋል። የወጣው ውሃ በባልዲ ቢሰፈር ግን ቀድሞ ከነበረው ያነሰ ነው። ጥበቱ ጫፉ ላይ መሆኑ ቀርቶ መሃል መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ይህቺም ጥቅም የለችም፤ ኪሳራ ብቻ ነው።

የውስጥ ስፋት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ግማሽ ኢንች የሚባለው የብረት ቧንቧ አዲስ ሳለ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝገት ይህን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ካጠበበው፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ውሃ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። በፕላስቲክ ቧንቧም ቢሆን ስሙና ውስጡ አንድ አይደሉም። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ወፍራሙ የፒፒአር ቧንቧ 20 የሚባለው በውጭ ስፋቱ ነው፤ ግድግዳው 3.4 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ለውሃው የሚቀረው 13.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የዚያው ዓይነት 25 የሚባለው ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በተመሳሳይ ግፊት የሚያሳልፈው ውሃም ከ20ው ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። ዋናውን መስመር በ20 የዘረጋ ሰው ያተረፈው የቧንቧ ዋጋ ጥቂት ነው፤ ያጣው ግን ቤቱ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል።

ፒፒአር ሌላም ወጥመድ አለው። የሚገጠመው በሙቀት በማቅለጥ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ከሚገባው ጊዜ በላይ ካሞቀው ወይም ቧንቧውን ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ከገፋው፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል። ከውጭ ሲታይ ያማረ መጋጠሚያ ነው፤ ከውስጥ ቀዳዳው ግማሽ ሊሆን ይችላል። ባዲስ ቤት ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዱ መታጠቢያ ቤት ብቻ ውሃው ከቀጠነ፣ ቤቱ አዲስ ነው ተብሎ ቧንቧው ነጻ ሊወጣ አይገባም።

መለካት

ውሃው ቀጠነ ማለት ስሜት ነው፤ ለምርመራ ቁጥር ያስፈልጋል። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ስሩ አስቀምጠው፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍተው እስኪሞላ ጊዜውን ይያዙ። በ1 ደቂቃ ከሞላ ፍሰቱ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ ለወጥ ቤትም ለሻወርም በቂ ነው። 2 ደቂቃ ከፈጀ 5 ሊትር ማለት ነው፤ ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል፣ ለሻወር ግን ይሳሳል። 4 ደቂቃ ከፈጀ በእርግጥ ችግር አለ። ቀዝቃዛውንና ሙቁን ለየብቻ፣ በየቧንቧው እየለኩ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ወረቀቷ በኋላ ትፈለጋለች፤ ማንኛውም ጥገና ሠራ አልሠራም የሚባለው ከእርሷ ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ጥርስ ባለው ቧንቧ ላይ ተጠምዝዞ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘግተው ያንብቡት፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍተው እንደገና ያንብቡት። ከሁለቱ ንባቦች የሚገኘው መልስ ግልጽ ነው። ሲዘጋ 3 ባር፣ ሲከፈት 2.5 ባር ካሳየ እስከ መለኪያው ድረስ ያለው መንገድ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ሲዘጋ 3 ባር ብሎ ሲከፈት ወደ 0.5 ከተንሸራተተ፣ ከምንጩ እስከ መለኪያው ባለው መስመር ላይ አንድ ቦታ ታንቋል። ሲዘጋም 0.8 ብቻ ከሆነ ግፊቱ ራሱ ጎድሏል፤ መንገዱን ቢጠርጉት ብዙ ለውጥ አይመጣም። መለኪያው ዋጋው ቀላል ነው፤ ፓምፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ሳይገዛ ፓምፑን ቢገዛ በእኔ አስተያየት ዓይኑን ጨፍኖ ነው የገዛው።

የት፣ መቼ፣ የትኛው

ከመፍታትና ከማሰር በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። አንድ ቧንቧ ብቻ ነው የቀጠነው ወይስ ሁሉም? አንድ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ እዚያው አጠገቡ ነው። ሙቁ ብቻ ከሆነ ዓይን ወደ ማሞቂያው ይሄዳል። ሁሉም ከሆነ ጥፋቱ ከሁሉም በፊት ባለው የጋራ መስመር ላይ ነው፤ ዋናው ቫልቭ፣ ቆጣሪው፣ ማጣሪያው፣ የግፊት መቀነሻው፣ ታንከሩ ወይም ከውጭ የሚመጣው ውሃ።

መቼ ጀመረ የሚለውም ብዙ ይናገራል። በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ ዝገት ወይም የኖራ ቅርፊት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከሆነ አንድ ሰው አንድ ነገር ነክቷል ወይም አንድ ነገር ተሰብሯል። በመንገድ ላይ ቧንቧ ሲጠገን የገባ አሸዋና ዝገት በየወንፊቱ ላይ ይሰበሰባል፤ ለጥገና የተዘጋ ቫልቭም በግማሽ ብቻ ተከፍቶ ይረሳል። የኋለኛው ከሚገመተው በላይ ይደጋገማል። ጠዋትና ማታ ብቻ ቀጥኖ እኩለ ሌሊት ላይ ደህና ከሆነ ደግሞ ችግሩ የቤቱ አይደለም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍት የጋራው መስመር አቅም አጥቷል ማለት ነው። በዚያው መስመር ላይ ያለ ጎረቤትን መጠየቅ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግድግዳ ካስፈረሰ በኋላ ነው።

አንድ ቧንቧ ብቻ ሲሆን

በብዙ ቧንቧዎች አፍ ላይ ውሃውን ከአየር ጋር እየቀላቀለች የምታለሰልስ ትንሽ ወንፊት አለች። ለአብዛኛው የአንድ ቧንቧ ችግር ተጠያቂዋ እርሷ ናት። በእጅ ወይም ጨርቅ በተጠቀለለበት ፒንሳ ትፈታለች። ፈትተው ውሃውን ይክፈቱት፤ በኃይል ከወረደ ምርመራው አለቀ። አሸዋው በውሃና በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ነጩ ቅርፊት ግን ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በብሩሽ አይለቅም፤ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ሲዘፈዘፍ አሲዱ አረፋ እያወጣ ያሟሟዋል። ክፍሎቿ ሲገጣጠሙ ቅደም ተከተላቸው እንዳይጠፋ ሲፈታቱ በተራ መደርደር ጥሩ ነው። ያለ ወንፊቷ መኖር የመረጠ ሰው ውሃው ቢረጭበት አይገረም።

የሻወር ራስም ያው ነው። ሊፈታ ካልቻለ አቼቶ የተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት በላስቲክ አስሮ ለጥቂት ሰዓት ማልበስ ይቻላል፤ ወርቃማ ወይም ሌላ ቅብ ያለበት ከሆነ ግን ጊዜውን ያሳጥሩ፣ አሲድ ቅቡን ያበላሻል። አንዳንድ የሻወር ራሶች ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ከውስጣቸው ፍሰት የሚገድብ ቀለበት አላቸው። ግፊቱ ደህና በሆነበት ቤት ቀለበቱ መልካም ነገር ነው፤ ዝቅተኛ በሆነበት ደግሞ ሻወሩን ጨርሶ ያደክመዋል።

ወንፊቱ ንጹህ ሆኖ ውሃው አሁንም ከቀጠነ፣ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ መፈተሽ ነው። ከመታጠቢያው ስር ያለውን ትንሽ ቫልቭ ይዝጉ፣ ከእርሱ ወደ ቧንቧው የሚሄደውን ተጣጣፊ ቱቦ ከቧንቧው በኩል ፈትተው ጫፉን ባልዲ ውስጥ ይክተቱ፣ ከዚያ ቫልቩን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ውሃው በደንብ ከወጣ ችግሩ ከቱቦው ወዲያ፣ በቧንቧው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሙቅና ቀዝቃዛን በሚያቀላቅሉት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ካርትሪጅ የሚባለው፣ ውሃውን የሚከፍተውና የሚያቀላቅለው የውስጥ ክፍል ነው። ካልወጣ ጥፋቱ ቱቦው ወይም ቫልቩ ላይ አለያም ከዚያ ወዲህ ነው። ቱቦው ከውጭ ደህና እየመሰለ የውስጥ ላስቲኩ ተላጦ ሊዘጋ ይችላል፤ ሲገጠም ተጣምሞ ከሆነም እንደዚያው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ውሃ በሚገባበት ጥርሱ ውስጥ የራሱ ትንሽ ወንፊት አለው፤ ማሽኑ ሲዘገይ ከሁሉ በፊት እርሱ ይታይ።

ሙቁ ብቻ ሲሆን

ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ከሟሟው ኖራ የተወሰነው ጠጣር ሆኖ ይወጣል፤ ከአብዛኞቹ ጨዎች በተቃራኒ ካልሲየም ካርቦኔት በሙቅ ውሃ ውስጥ የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል። ማዕድን የበዛበት ውሃ በሚጠቀም ቤት ቦይለሩ ውስጥ ደለል የሚጠራቀመው፣ የሙቅ ውሃ መስመርም ከቀዝቃዛው ቀድሞ የሚጠበው በዚህ ምክንያት ነው። ቦይለሩ ሲሞቅ የመንኳኳትና የመንፈቅፈቅ ድምፅ ካሰማ ደለሉ ብዙ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከቦይለሩ መግቢያ ቫልቭ ነው፤ በግማሽ ተከፍቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በኤሌክትሪክ ቦይለሮች መግቢያ ላይ የምትገኘው ግፊት ማስተንፈሻ ያላት ትንሽ የደህንነት ቫልቭም ውስጧ በኖራ ይታነቃል። መቀየር ይቻላል፤ ውሃው ይጨምራል ብሎ አውጥቶ መጣል ግን በፍጹም አይሞከርም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚተነፍስበት ካጣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ደለሉን ለማፍሰስ የሚፈልግ ሰው ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማብሪያ አጥፍቶ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ መጀመር አለበት። ባዶ ቦይለር ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ የማሞቂያ ሽቦውን ያቃጥላል።

ታንከር የሌላቸው፣ ውሃ ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቁ መሣሪያዎች ደግሞ የሚነሱት ፍሰቱ የተወሰነ ልክ ሲደርስ ነው። ሻወሩ ቀዝቅዞ መሣሪያው አልበራ ካለ መሣሪያው ላይበላሽ ይችላል፤ የሚደርሰው ውሃ አንሶበት ይሆናል። መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት ትጽዳ።

ቤቱ በሙሉ ሲሆን

ዋናውን ቫልቭ ማየት የመጀመሪያው ነው። ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር እጀታ ያለው ከሆነ፣ እጀታው ከቧንቧው ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲተኛ ክፍት ነው፤ ትንሽም ካዘነበለ ያንቃል። ክብ እጀታ ያለውና ብዙ ዙር የሚዞረው አሮጌው ዓይነት ተንኮለኛ ነው። ውስጡ እንደ በር ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ብረት አለ፤ ብረቱን የያዘው ዘንግ በዝገት ሲቆረጥ እጀታው በደንብ ይዞራል፣ በሩ ግን ታች ወድቆ ይቀራል። እጀታውን አይቶ ክፍት ነው ማለት አይቻልም። የደረቀውን አሮጌ ቫልቭ በጉልበት ማዞርም አይመከርም፤ ከቆጣሪው በኩል ውሃውን የሚዘጋ ሌላ መንገድ ከሌለ ቤቱ በጎርፍ ይሞላል።

ቀጥሎ የውሃ ማጣሪያ ነው፣ ካለ። ውስጡ ያለው ማጣሪያ በአሸዋና በጭቃ ሲሞላ ቤቱን በሙሉ ያንቀዋል። ብዙ አምራቾች ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ውሃው ደፍርሶ ከሚመጣበት መስመር ላይ ግን ይህን ያህል አይቆይም። ማጣሪያውን አውጥተው ዕቃውን ባዶውን ገጥመው ውሃውን ቢለቁት መልሱ ወዲያው ይታወቃል።

የግፊት መቀነሻ ቫልቭ በሁሉም ቤት የለም። ካለ ከዋናው ቫልቭ አጠገብ፣ አናቱ ላይ የማስተካከያ ብሎን ያለው ደወል መሳይ ነሐስ ነው። አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ 3 ባር አካባቢ ላይ የተስተካከሉ ናቸው። ሲያረጅ ስፕሪንጉ ወይም የውስጥ ላስቲኩ ይደክምና ውሃውን ያንቃል፤ ወይም በተቃራኒው ሙሉ ግፊት ይለቃል። ብሎኑን ወደ ቀኝ ማዞር በአብዛኞቹ ላይ ግፊት ይጨምራል፤ የሚዞረው ግን መለኪያ ተገጥሞ፣ ሩብ ዙር እየተባለ ነው። ብሎኑ ዞሮ ዞሮ ንባቡ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ዕድሜው አልቋል። ከቆጣሪው በፊት ያለው ክፍልና በማኅተም የታሸገው ሁሉ ግን የውሃ አቅራቢው ነው፤ የሚነካውም እርሱ ብቻ ነው።

ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ወይም የምትፈስ የመጸዳጃ ቤት ታንከር ውሃ ያባክናሉ፤ የቤቱን ግፊት ግን አያወርዱም። ግፊት የሚያወርድ ፍሳሽ ትልቅ ነው፣ ትልቅ ፍሳሽ ደግሞ ምልክት አለው፤ ሁልጊዜ የሚረጥብ መሬት፣ ሌሊት ግድግዳ ውስጥ የሚሰማ ሹክሹክታ፣ ያለ ምክንያት ያበጠ የውሃ ሒሳብ። ማረጋገጫው ቆጣሪው ነው። ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ታንከር እስኪሞላ ጠብቀው ቁጥሩን ይጻፉ፤ ለ1 ሰዓት ምንም ውሃ ሳይነኩ እንደገና ያንብቡ። ቁጥሩ ከሄደ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ከዚያ የቤቱን ዋና ቫልቭ ይዝጉ። ቆጣሪው ከቆመ ፍሳሹ ቤት ውስጥ ነው፤ ካልቆመ፣ ቫልቩ በደንብ የሚዘጋ እስከሆነ ድረስ፣ በቆጣሪውና በቫልቩ መካከል መሬት ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ የመለኪያው ንባብ ውሃ ሲከፈት የሚወድቅ ከሆነ፣ ቤቱም ያረጀ የብረት ቧንቧ ያለው ከሆነ፣ የቀረው ተጠርጣሪ ዝገት ነው። ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቡናማ መሆኑ ይህን ያጠናክራል። አንድ መጋጠሚያ አስፈትቶ ውስጡን ማየት ክርክሩን ይዘጋዋል። በኬሚካል ወይም በአየር ግፊት እናጸዳዋለን የሚሉ አሉ፤ በእኔ ግምት ግን የዛገ ቧንቧ መድኃኒቱ መቀየር ነው። ቢጸዳ እንኳ ቅርፊቱ ሲነሳ ከስሩ የሳሳ ብረት ይወጣል፣ ማፍሰስም ይጀምራል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ካልተቻለ ከቆጣሪው እስከ መጀመሪያው መከፋፈያ ያለውን ማስቀደም ይሻላል፤ የቤቱ ውሃ በሙሉ የሚያልፈው በእርሱ ነው።

ከጣሪያ ላይ ታንከር የሚወርድ ውሃ

ታንከር ባለበት ቤት ሒሳቡ በጣም ቀላል ነው። ግፊቱን የሚወስነው በታንከሩ ውስጥ ያለው የውሃ ወለል ከሻወሩ ራስ ስንት ሜትር ከፍ ይላል የሚለው ብቻ ነው። 2.5 ሜትር ከሆነ 0.25 ባር ነው፤ ከዚያ በላይ አይገኝም። የታንከሩ ትልቅነት አንዳች አይጨምርም። ይህን ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስረድቶታል፤ የፈሳሽ ግፊት የሚከተለው ጥልቀቱን እንጂ ብዛቱን አይደለም። 5,000 ሊትር የሚይዝና 500 ሊትር የሚይዝ ታንከር በእኩል ከፍታ ላይ ካሉ እኩል ይገፋሉ። ሆኖም ግፊት አነሰ ተብሎ ታንከር በትልቅ የሚቀየርበት ቤት ብዙ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር አለ። ለታንከሩ በጣም የሚቀርበው የላይኛው ፎቅ በጣም ደካማው ውሃ የሚደርሰው ነው፤ ከፍታው አንሷልና። ከታች በመንገድ መስመር፣ ማለትም ከውጭ በተዘረጋው የጋራ ቧንቧ፣ የሚመጣውም ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ በየ3 ሜትሩ 0.3 ባር ይቀንስበታል፤ ስለዚህ በሁለቱም መንገድ የላይኛው ፎቅ ነው የሚጎዳው።

ግፊቱ እንዲህ ትንሽ ሲሆን የሚባክን ነገር መኖር የለበትም። ከታንከሩ የሚወርደው ቧንቧ ወፍራም፣ መታጠፊያው ጥቂት፣ ቫልቩ ሙሉ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ የሻወሩ ራስና ማቀላቀያውም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠሩ መሆን አለባቸው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማቀላቀያዎች 1 ባርና ከዚያ በላይ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ በ0.25 ባር ላይ ጥፋታቸው ሳይኖር ይወቀሳሉ። ታንከሩን በ3 ሜትር ማንሳት 0.3 ባር ይጨምራል፤ የሚሸከመው መዋቅር ክብደቱን መቻሉ ግን በባለሙያ መታየት አለበት፣ 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው።

ታንከሩ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ከሞላ በኋላ አንዱ ቧንቧ እየተንተፋተፈ ውሃ ከነፈገ፣ ቧንቧው ወደ ላይ ጎብጦ በሚያልፍበት ቦታ አየር ታስሯል ማለት ነው። ዝቅተኛ ግፊት አየሩን ገፍቶ ማስወጣት ያቅተዋል። ከታች ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ መልቀቅ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ከተደጋገመ ግን የቧንቧው አቀማመጥ ይስተካከል፣ ወይም በጉብታው ላይ አየር ማስወጫ ይገጠም። የታንከሩ ወለል ላይ የሚጠራቀመው ደለልም መውጫውን ይሸፍናል። ታንከሩ በየጊዜው ይታጠብ፤ መውጫውም ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢገጠም ጥሩ ነው።

ፓምፕ

ምርመራው አልቆ በእርግጥ የጎደለው ግፊት ሆኖ ከተገኘ ፓምፕ ተገቢ ነው። ሲመረጥ ግን መለያ ሰሌዳው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ያሳስታሉ። 40 ሜትርና በደቂቃ 40 ሊትር ተብሎ ሲጻፍ ፓምፑ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይሰጣል ማለት አይደለም። 40 ሜትር የሚገፋው ውሃ በማይወጣበት ጊዜ ነው፤ 40 ሊትር የሚሰጠውም ከፊቱ ምንም ከፍታ በሌለበት ጊዜ ነው። የሚሠራው ከሁለቱ መካከል ስለሆነ፣ ከሰሌዳው ይልቅ የአምራቹን የግፊትና የፍሰት መስመር የሚያሳየውን ሥዕል ማየት ያስፈልጋል።

ፓምፕን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ መግጠም በብዙ አገሮች ክልክል ነው፤ ምክንያቱም በቂ ነው። ፓምፑ ሲስብ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ በየስንጥቁ ከመሬት ውስጥ ያለ ቆሻሻ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ይሳባል። የጎረቤት ውሃም ይነጠቃል። ትክክለኛው አሠራር የመንገዱ ውሃ በራሱ ፈስሶ የምድር ታንከር እንዲሞላ፣ ፓምፑም ከታንከሩ እንዲስብ ማድረግ ነው። ታንከሩ ሲደርቅ ፓምፑን የሚያጠፋ መሣሪያም አብሮ ይገጠም፤ ውሃ ሳይኖረው የሚሽከረከር ፓምፕ ማሸጊያውን በአጭር ጊዜ ያቃጥላል።

ፓምፕ ኖሮም ውሃው ከቀጠነ፣ ወይም ፓምፑ በየሰከንዱ ተነስቶ ከጠፋ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ጋር የሚገጠመው ትንሹ የግፊት ታንከር ነው። ውስጡ ውሃና አየር የሚለያይ ላስቲክ አለ። በጎኑ ያለችውን፣ የመኪና ጎማ ላይ ያለችውን የምትመስል የአየር ማስገቢያ ጫን ሲሉ ውሃ ከወጣ ላስቲኩ ተቀዷል። አየር ከወጣ ደግሞ መጠኑ ይለካ፤ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ፣ ውሃው ከታንከሩ ከፈሰሰ በኋላ። ፓምፑ በ1.4 ባር ተነስቶ በ2.8 ባር እንዲጠፋ የተስተካከለ ከሆነ፣ አየሩ ከሚነሳበት በጥቂቱ አንሶ 1.26 ባር አካባቢ መሆን አለበት። በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር፣ የሚሠራ ፓምፕ ደግሞ ከጥገና በኋላ ሽቦው ተገላብጦ ከታሰረ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ ድምፁ ደህና ነው፣ የሚገፋው ውሃ ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው። በአካሉ ላይ ያለችውን ቀስት ማየት ይበቃል።

ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው መለኪያውን አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ የመንገዱ መስመር ውሃ ሌሊት የሚበረታ ከሆነ ያን ጊዜም ይድገሙት። በስፋት የሚሠራባቸው የቧንቧ ሥራ ደንቦች ለቤት ውስጥ የሚፈቅዱት እስከ 5.5 ባር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ተጣጣፊ ቱቦዎች ይፈነዳሉ፣ የማሽኖች ቫልቭ ይጎዳል፣ ቧንቧ ሲዘጋም በግድግዳው ውስጥ የሚጮህ ምት ይሰማል። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ዝቅ ይደረግ፤ ካልተቻለ መቀነሻ ቫልቭ ይገጠም።